ከአቡጀዲ እስከ ጓንዡ፦ ዓለም ወደ ልብሳችን የገባችው መቼ ነው?

የፈታይ ልጅ (ሰኞ ማታ)

ባለፈው ቅዳሜ ለታናሽ እህቴ የመልስ ቀሚስ ልገዛ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ነበር። ሱቅ ለሱቅ ስዞር ቆይቼ አንድ ባለሱቅ ሁለት ቀሚሶች ጎን ለጎን ዘረጋልኝ። ራቅ ብሎ ላያቸው መንትያ ናቸው፦ ያው የመስቀል ጥለት፣ ያው አረንጓዴና ወርቃማ ቀለም። ስዳስሳቸው ግን የአንደኛው ጥበብ ከጣቴ ሥር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሁለተኛው ልሙጥ ነው። ገለበጥኳቸው። የመጀመሪያው በጀርባው የክር ጫፍ ይታያል። የሁለተኛው ጀርባ ነጭ ነው፤ ቀለሙ ዘልቆ አልወጣም፣ ጥለቱ በላዩ የታተመ ነው። ዋጋው የሌላውን ሩብ አይሞላም። ባለሱቁ ልሙጡን ከፍ አድርጎ «አሁን የሚሄደው ይህ ነው፤ ከቻይና ነው የሚመጣልን» አለኝ።

እናቴ ፈታይ ነበረች። ጥጡን ስትዳምጥ፣ በደጋን ስትነድፍ፣ ባዘቶውን በእጇ ይዛ እንዝርቱን ስታሾር እያየሁ ነው ያደግሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ልቃቂቱን በሰፌድ ደርድራ ገበያ ትወጣለች፤ የእኔ ደብተርና የወንድሜ ጫማ የሚገዛው ከዚያ ነው። ዛሬ በሰፈራችን እንዝርት የያዘች ሴት አላይም። ቀሚሱን ሳልገዛ ተመለስኩ፤ ነገሩ ግን እስካሁን አልዋጥልኝ ብሏል።

ግሎባላይዜሽን ወይም ሉላዊነት የሚባለው ነገር እኛ ቤት የገባው መቼ ነው? ብዙ ሰው ከኢንተርኔትና ከቻይና ዕቃ ጋር መጣ ይላል። እኔም እንደዚያ ነው የማስበው፤ የእናቴን እንዝርት ከእጇ ያስጣላት እርሱ ነው ብዬም አምናለሁ። የተለየ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።


መዝገብ አገላባጭ (ሰኞ ሌሊት)

እህቴ፣ የተሰማሽ ነገር ይገባኛል፤ ዘመኑን ግን ወደ ኋላ በጣም መግፋት ያስፈልጋል። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ግሪክኛ የሚጽፍ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ህንድ ውቅያኖስ ወደቦች ባዘጋጀው መመሪያ፣ የአክሱም ወደብ በነበረችው አዱሊስ ላይ ምን እንደሚራገፍ ይዘረዝራል። ከግብፅ የተሸመነ ጨርቅ አለበት፤ ከህንድ የመጣ የጥጥ ጨርቅና ብረትም አለበት። ከአዱሊስ የሚጫነው ደግሞ የዝሆን ጥርስ፣ የባሕር ኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ ነው። የሌላ አገር ጨርቅ መልበስ ከጀመርን ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖናል ማለት ነው።

ነገር ግን ያኔ የሚለብሰው መኳንንቱና የወደቡ ሰው ነበር። ተራው ሰው ጓዳ የገባው አቡጀዲ ነው። አቡጀዲን የማያውቅ የለም፦ ድንኳን ይሰፋበታል፣ ሱሪና እጀ ጠባብ ይሆናል፣ አስከሬን ይገነዝበታል። ከ1830ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ከምትገኘው ከሴለም ወደብ የሚነሱ መርከቦች ያልነጣ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ጭነው ዛንዚባር ይደርሱ ነበር። ዛንዚባርን ይገዛ ከነበረው የኦማን ሱልጣን ጋር አሜሪካ የንግድ ውል የፈረመችው በ1833 ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ጨርቁን «መሪካኒ» ብለው ጠሩት። ያው ዓይነት ጨርቅ በኤደን በኩል ዞሮ እኛም ዘንድ ደረሰ።

ያንን ጥጥ የተከሉትና የለቀሙት በአሜሪካ ደቡብ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ። ዛንዚባር ላይ የሚለወጥበት የዝሆን ጥርስም ከመሃል አፍሪካ በሰው ጫንቃ፣ ብዙ ጊዜም በባሪያ ጫንቃ ወደ ባሕር የወረደ ነው። አያቴ የተገነዙበትን ነጭ ጨርቅ ሳስታውስ ይህ ሁሉ አብሮ ይመጣብኛል።

በ1861 አሜሪካ ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ጥጡ ጠፋ። ክፍተቱን ከሞሉት መካከል የህንዷ ቦምቤይ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ የአሜሪካኑን ጨርቅ አስመስለው ሠርተው በረከሰ ዋጋ አወረዱት። በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተና የአውሮፓ መርከብ ወደ ቀይ ባሕር የሚደርስበት መንገድ አጠረ። አሜሪካኖቹ ግን ገበያውን አልለቀቁም። በ1903 መጨረሻ ሮበርት ስኪነር የተባለ፣ በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረ ሰው፣ ከድሬዳዋ ወዲህ ያለውን መንገድ በበቅሎና በግመል ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋርም የንግድ ውል ተፈራረመ። ያን ሁሉ መንገድ ካስጓዙት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጨርቅ ነው።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ደግሞ ጃፓን ገበያውን ወሰደችው። የወዳጅነትና የንግድ ውል በ1930 ተፈረመ፤ በማግስቱ ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎበኙ። ይህን ሁሉ ጨርቅ የምንገዛበት ጠገራ ብር እንኳ ቪየና ውስጥ የተቀረጸ፣ የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ በየትኛውም ዓመት ቢሠራ 1780 የሚል ቁጥር የታተመበት ነው።

እንግዲህ የአሜሪካኑን ጨርቅ ቦምቤይ ቀዳችው፣ ከሁለቱም በረከሰ ዋጋ ጃፓን መጣች፣ ዛሬ ቻይና ናት። አንቺ ቅዳሜ ገልብጠሽ ያየሽው ነጭ ጀርባ የዚህ ረጅም ሰልፍ የመጨረሻው ነው።


ድርና ማግ (ማክሰኞ ጠዋት)

እኔ የጨርቅን ታሪክ የማውቀው በእጄ ነው። ከጋሞ ወደ አዲስ አበባ ከመጣሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አባቴም አጎቶቼም ሸማኔዎች ናቸው።

እህታችን ስለ እንዝርት ያለችው እውነት ነው፤ አንድ ነገር ግን ላክልበት። «የእጅ ሥራ» ብላችሁ የምትገዙት ነጠላ አብዛኛውን ጊዜ ድሩ፣ በቁመት የሚወጠረው ክር፣ የፋብሪካ ነው። የእጅ ፈትል የሚገባው በወርድ የሚሻገረው ማጉ ላይ ነው። የፋብሪካ ድር ሲወጠር ይችላል፤ የእጅ ፈትል ድር ግን እየተበጠሰ ሲያስቀጥለኝ ይውላል። ጥበቡ ላይ የሚገባው ባለቀለም ክር ደግሞ ዱሮም ቢሆን ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ፋብሪካን አልረግምም። የፋብሪካ ድር ባይኖር አባቴ በሳምንት የሚያወጣውን ነጠላ በወርም አያወጣውም ነበር።

እኔን የሚጎዳኝ ሌላ ነው። ዓምና ለአንዲት ሙሽራ አዲስ ጥለት አወጣሁ። እግሬን ከጉድጓዱ ሳላወጣ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ስወረውር፣ ለጥበቡ ክሩን በጣቴ እየቆጠርኩ ሳስገባ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈጀብኝ። ሠርጉ አለፈ። ፎቶዋ በስልክ ዞረ። ሦስት ወር ሳይሞላ ያ ጥለት፣ አንድ ቦታ ላይ ክር ስቼ የተበላሸችብኝ መስቀል ሳትቀር፣ ታትማ በሜትር ስትሸጥ አየኋት። ስሕተቴን አይቼ ነው ሥራዬን ያወቅሁት።

ርካሽ መሆኑ አይደለም የሚያመኝ። «የሀበሻ ልብስ» ተብሎ ከእኔ ሥራ ጎን መሰቀሉ ነው።


ተመላላሽ (ማክሰኞ ከሰዓት)

የቻይናዋ ከተማ ጓንዡ ከሚመላለሱት ነጋዴዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ዝም ማለት አልችልም። ወንድሜ ድርና ማግ፣ የጻፍከው ልቤን ነክቶታል። የእኔን ጎንም ስማኝ።

እኔ የተወለድኩት ከደብረ ማርቆስ አለፍ ብሎ ካለች ቀበሌ ነው። በእኛ ቀዬ ጥበብ ያለው ቀሚስ ያላት ሴት አንድ ወይም ሁለት ነበረች፤ ለሠርግ ተውሰው ነው የሚለብሱት። እናቴ ተውሳ ለብሳ፣ ወጥ ጠብ እንዳይልባት ምግብ ሳትቀምስ ውላ የተመለሰችበትን ቀን አስታውሳለሁ። አሁን የእህቶቼ ልጆች ለጥምቀት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ይለብሳሉ። ያን ቀሚስ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በዚህም አላፍርም።

ሥራው እንዲህ ነው። ናሙና ወይም ፎቶ ይዘህ ጨርቅ ገበያው ትሄዳለህ። ፋብሪካው ከዚህ ሜትር በታች አላትምም ይልሃል፤ ብቻህን ስለማትችል ከሦስት ከአራት ነጋዴ ጋር ትቀናጃለህ። ዕቃው በኮንቴይነር ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ። ወደብ ላይ በቆየ ቁጥር ይቆጥርብሃል፤ የውጭ ምንዛሪውን ጭንቅ አልዘረዝረውም። ሁሉም እንደሚያስበው ትርፉ የእኔ ብቻ አይደለም።

በአንድ ነገር ግን እስማማለሁ። የታተመውን «በእጅ የተሠራ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሌባ ነው።


የአቃቂ ጡረተኛ (ማክሰኞ ማታ)

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በአሜሪካና በቻይና መካከል የእኛ የራሳችን ዘመን እንደነበረም እንዳይረሳ ብዬ ነው የምጽፈው።

የድሬዳዋው ፋብሪካ የተተከለው በጣሊያን ጊዜ፣ በ1939 ነው። የባሕር ዳሩ በ1961 ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠራ። አቃቂ ላይ ህንዶች ገቡ። ጥጡ ከአዋሽ ሸለቆ፣ ከተንዳሆ ይመጣል፤ እርሱም የእንግሊዝ ኩባንያ ያለበት እርሻ ነበር፤ አፋሮች ከብት የሚያግዱበት መሬት ነው የታረሰው፤ ይህም መነገር አለበት። ማሽኑ፣ ቀለሙ፣ መለዋወጫው ከውጭ ነው። የራሳችን የምንለው ፋብሪካ ራሱ ያለ ዓለም አንድ ቀን አያድርም ነበር። ግን ጉምሩኩ ይጠብቀን ነበር፤ የውጭ ጨርቅ ቀረጥ ተጭኖበት ሲገባ የእኛ አቡጀዲ ይሸጣል። ጠዋት የመግቢያው ጥሩምባ ሲነፋ አቃቂ በሙሉ ይነቃል። በደመወዜ አምስት ልጅ አስተምሬያለሁ።

በ1975 ፋብሪካዎቹ ተወረሱ። ምርቱ ቀጠለ፤ ማሽኑ ግን አረጀ፣ የሚተካውም አልመጣም። በ1992 የብር ዋጋ ወረደ፤ የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሆነ። በአንድ ቀን ለቀለምና ለመለዋወጫ የምንከፍለው ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ቀረጡም እየቀነሰ ሄደ፣ በሩም ተከፈተ። እኛ የ1960ዎቹን ማሽን ይዘን ከእስያ አዲስ ፋብሪካ ጋር እንድንሮጥ ተደረገ። በሩ መከፈቱን አልጠላም። ሳያዘጋጁን መክፈታቸው ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ።

ለልጄ ለፈታይዋ ልጅ፦ ጨርቅ ስትገዢ ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዢና በክብሪት ለኩሺው። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የወረቀት ነው፣ አመዱ በጣት ሲነኩት ይበናል። ፖሊስተር ከሆነ ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጥቁር ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ይህን ማንም ነጋዴ ሊያስተባብለው አይችልም።


የድሬ ልጅ (ማክሰኞ ሌሊት)

አባባ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የእኛም ቤት እንዲሁ በፋብሪካው ጥሩምባ ነበር የሚነቃው። አባቴ ከዚያ ሲወጣ ቤታችንን ያቆመው ግን ሰልባጅ ነው።

ሰልባጅ በሕግ የተከለከለ እንደሆነ አውቃለሁ። በቶጎ ውጫሌ በኩል በሌሊት ነው የሚገባው። እናቴ ቦንዳ ገዝታ ስትፈታ ሰፈሩ ይሰበሰባል። ከውስጡ የአውሮፓ የክረምት ካፖርት ይወጣል፤ ድሬዳዋ ላይ ማን ይለብሰዋል? አንዳንዱ ኪስ ውስጥ የአውቶቡስ ትኬት፣ የሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት እናገኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ይህን ሸሚዝ የለበሰው ሰው አሁን ምን ያደርግ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

ሰልባጅ አባቴ ይሠራበት የነበረውን ዓይነት ፋብሪካ ገበያ እንደበላ አሁን ይገባኛል። እኔን ያስተማረኝም እርሱ ነው። ሁለቱን ማስታረቅ አቅቶኝ ኖሬያለሁ።


መርፌና ክር (ረቡዕ ጠዋት)

እኔ በአንድ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስሰፋ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቆይቻለሁ። ከ12ኛ ክፍል በኋላ ነው ከገጠር የወሰዱን። ይህን ወገን ማንም ስላላነሣ ልጻፍ።

የእኔ ሥራ የሸሚዝ ኮሌታ ማዞር ነበር። ሸሚዝ አይደለም፤ ኮሌታ ብቻ። ከፊት ለፊቴ ሰሌዳ አለ፤ በሰዓት ስንት እንደሚጠበቅብን ይጻፍበታል፣ ከሥሩ ስንት እንደሠራን። መጀመሪያ ላይ ግማሹንም አልደርስም ነበር፤ በስድስተኛው ወር ደረስኩበት፤ ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም። ሸሚዙ ላይ የሚለጠፈው የዋጋ ወረቀት በዶላር ነው። አንድ ቀን ሳሰላው የሁለት ሸሚዝ ዋጋ ከወር ደመወዜ በለጠ። ጓደኞቼን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ ማናችንም አልተናገርንም፣ ወደ ማሽናችን ተመለስን።

አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ሁለቱ የቀን ሁለቱ የማታ ፈረቃ ስለነበርን አንዱን ፍራሽ እየተፈራረቅን ተኛንበት። ሆኖም ከዚያ ደመወዝ ለወንድሜ ዩኒፎርም ልኬያለሁ። በእጄ የራሴን ገንዘብ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። በኋላ ትእዛዝ ቀነሰ ተባለና መስመራችን ተዘጋ። አሁን በሰፈሬ ልብስ አጠባብቃለሁ፤ ማሽኑን የመንዳት ፍጥነቱ ከዚያ ነው የቀረልኝ።


መዝገብ አገላባጭ (ረቡዕ ማታ)

እህት መርፌና ክር፣ ይህን ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። መስመርሽ ለምን እንደተዘጋ በትክክል አላውቅም፤ በዚያ ዘመን የሆነውን ግን ልንገርሽ፤ የድሬ ልጅም ላነሣው ጉዳይ ይጠቅማል።

ከ1974 እስከ 2004 መጨረሻ የዓለም የልብስ ንግድ በኮታ የታሰረ ነበር። ሀብታም አገሮች ከእያንዳንዱ አገር ይህን ያህል ብቻ እንገዛለን ይሉ ነበር። ኮታው የሞላበት ባለፋብሪካ ኮታ ወዳልሞላበት አገር ይሄዳል፤ ባንግላዲሽና ሌሎችም ያደጉት በከፊል በዚህ ነው። በ2001 መጨረሻ ቻይና የዓለም ንግድ ድርጅትን ተቀላቀለች፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ኮታው ተነሣ። የጎርፉ በር የተከፈተው ያኔ ነው።

ለአፍሪካ የቀረው የአሜሪካ የ2000 ሕግ፣ አጎዋ የምንለው ነው፤ በእርሱ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ ነበር። የሐዋሳው ፓርክ በ2016 ሲመረቅ፣ ገዢዎቹም ባለፋብሪካዎቹም የመጡት በአብዛኛው በዚህ ሒሳብ ነው። በ2019 የወጣ አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በፓርኩ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን አሳይቷል፤ በዓለም ልብስ ስፌት ከሚከፈለው ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ አንድ ወረቀት ኮሌታ የምታዞር ልጅ ፊት ያለውን ሰሌዳ ባዶ ሊያደርገው ይችላል።

ለድሬ ልጅ ደግሞ ይህን ላንሣ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በ2016 ያገለገለ ልብስ ማስገባትን ቀስ በቀስ ለማቆም ተስማሙ። አሜሪካ ውስጥ ያሉ የአሮጌ ልብስ ላኪዎች አቤቱታ አቀረቡ፤ አሜሪካም ከአጎዋ ጥቅም ልታግዳቸው እንደምትችል አስታወቀች። ሌሎቹ አፈገፈጉ። ሩዋንዳ ብቻ ጸናች፤ በ2018 የሩዋንዳ ልብስ ያለ ቀረጥ የመግባት መብቱን አጣ። አሮጌውን ካልገዛችሁ አዲሱን ከእናንተ አንገዛም እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ጨርቅ ድንበር መሻገሩ አይደለም አዲሱ ነገር፤ ጉዳቱም ከእርሱ አይመጣም። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ዋጋውን፣ ኮታውንና ቀረጡን የሚወስነው ሰው ከፈታይዋና ከሸማኔው እየራቀ ነው የሄደው። ተመላላሽም ያው ነው፤ ኮንቴይነሩ ላይ የእርሱ ስም ቢጻፍም ኪራዩን እርሱ አይወስንም። የኮንቴይነሩን ነገር ካነሣሁ አይቀር፦ የመጀመሪያዎቹ 58 ሣጥኖች ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ በመርከብ የሄዱት በኤፕሪል 1956 ነው። ማልኮም ማክሊን የተባለ የጭነት መኪና ባለቤት ያመጣው ሐሳብ ነበር። ከዚያ በፊት ዕቃ አንድ በአንድ በወደብ ሠራተኛ ጀርባ ነበር የሚጫነው። ያ ወጪ ባይወድቅ ኖሮ ከቻይና በሜትር የሚመጣ የታተመ ጥበብ ባልታሰበም ነበር።


ከሜሪላንድ (ሐሙስ ንጋት)

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ነጭ ያልለበሰ የለም። የእኔ ልጆች አማርኛ አይጽፉም፤ ነጠላ ማጣፋት ግን ያውቃሉ። ለትንሣኤና ለሠርግ የምናዝዘው ልብስ ስንቱን ሸማኔ እንደያዘ እንጃ፤ እኔ ብቻ ባለፉት ዓመታት ለቤተሰቤ ብዙ አሠርቻለሁ። ይህንንም ያመጣው ያው ሉላዊነት ነው። ስደት ባይኖር፣ አውሮፕላን ባይኖር፣ የሽሮ ሜዳ ጥበብ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ምን ያደርጋል?

ወንድማችን ድርና ማግ ስለ ጥለቱ ያለው ግን እንቅልፍ ነሣኝ። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት በውጭ አገር ለማስመዝገብ በ2005 ስትነሣ አሜሪካ ውስጥ ተቃውሞ ገጥሟት ነበር፤ እዚህ ያለነው ብዙዎቻችን ፊርማ አሰባስበናል። በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተደረሰ፤ ስሞቹም የኢትዮጵያ መሆናቸው ታወቀ። ጋና ውስጥም ኬንቴ የሚባለውን ባለጥለት የባህል ጨርቅ የሚሠሩ ሸማኔዎች ከእስያ ታትሞ በሚመጣ ኬንቴ ያው ሕመም ደርሶባቸዋል። ለቡናው ስም የተቻለው ለዶርዜ ጥበብ ለምን አይቻልም? ጥለቱን ባይሆን ስሙን።


ድርና ማግ (ሐሙስ ከሰዓት)

እህቴ ከሜሪላንድ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገሩን ለማኅበራችን ሰዎች አንብቤላቸዋለሁ። አንዱ አዛውንት «የቡና ገበሬው ከስሙ ምን አገኘ?» ብለው ጠየቁ፤ መልስ አልነበረኝም። የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልን። ስሙ ተመዝግቦ ጥቅሙ ከደላላው እጅ ካልወረደ፣ እኛ እግራችንን ጉድጓድ ውስጥ እንዳስገባን እንቀራለን።

ተመላላሽ፣ አንተን አልጠላሁህም። እናትህ ተውሳ የለበሰችውን ቀሚስ ምናልባት አባቴ ሠርቶት ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፦ የምታመጣው ላይ «የታተመ» ብለህ ጻፍበት።


ተመላላሽ (ሐሙስ ማታ)

እጽፍበታለሁ። በሚቀጥለው ትእዛዝ ጠርዙ ላይ እንዲታተም አደርጋለሁ። ሌሎቹ ነጋዴዎች ይስማማሉ ብዬ ግን ቃል አልገባም።


መርፌና ክር (ሐሙስ ማታ)

ድርና ማግ፣ የጥበቡን ቀሚስ የሚሰፋልህ ማን ነው? እኔ ኮሌታ ብቻ አይደለም የምችለው። ከፈለግህ አንዱን ሰፍቼ ላሳይህ።


የፈታይ ልጅ (ዓርብ ማታ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባባ፣ ያሉኝን አደረግሁ። ከታተመው ጨርቅ ቁራጭ ለምኜ አምጥቼ አንድ ክር ለኮስኩ። ሸሸ፣ ቀለጠ፣ ጥቁር ፍሬ ሆነ።

ከዚያ የእናቴን አሮጌ ነጠላ ከሣጥን አወጣሁ። ጠርዙ ላይ ከድሩም ከማጉም አንዳንድ ክር መዘዝኩ። ሁለቱም እንደ ወረቀት ነደዱ፤ እሳት አይለያቸውም። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗ ደክሟል። ነጠላውን ተቀብላ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል አሸችው። «ድሩ የአቃቂ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ማጉ የእኔ ነው፤ ይቺ ጋ እንቅልፍ ይዞኝ ወፍሮብኛል» አለችና አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አስቀመጠች። እኔም ዳሰስኩት። እውነትም ወፍሯል።

የአሜሪካኑን፣ የጃፓኑን፣ የባቡሩን ታሪክ ነገርኳት። በደንብ ሰማችኝ። «አቡጀዲ ሲመጣም እናቴ እንዝርት አልጣለችም፤ እኔ የጣልኩት ገዢ ሳጣ ነው» አለችኝ። ሰኞ የጻፍኩትን ላስተካክል፤ እንዝርቱን ማንም ከእጇ አልነጠቃትም፤ ገበያ ይዛው የወጣችውን ልቃቂት የሚያነሣላት ጠፍቶ ይዛው ተመለሰች፤ እኔ ያኔ ልጅ ስለነበርኩ አላስተዋልኩም።

ድርና ማግ፣ የእህቴ ሠርግ በጥር ነው። ቀሚሱን አንተ ብትሠራልን ደስ ይለናል። እናቴ ማጉን እኔ እፈትላለሁ ትላለች። ሁለት ልቃቂት ይበቃል?


ድርና ማግ (ዓርብ ሌሊት)

ሁለት አይበቃም። የቻሉትን ያህል ይፍተሉ፤ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ። ማታ ማታ እንዳይፈትሉ ንገሪያቸው። ቀን ይሁን፣ ክሩ እንዳይወፍር።